ስም ያገኙ አሮጌ ጠመንጃዎች

ቁራሌው በሰፈርዎ ሲጣራ ወይም የልዋጭ ነጋዴ የፕላስቲክ ዕቃውን ተሸክሞ በር ሲያንኳኳ ከቤትዎ ምን አውጥተው ሰጥተዋል? የማይሠራ ሬዲዮ? ክዳኑ የጠፋ ቴርሞስ? የአባትዎን ካሜራ? አብዛኞቻችን የሰጠነውን ቆጥረን አንጨርሰውም። የሰጠነውም ዕቃው ስላረጀ ብቻ አይደለም። ምን እንደሆነ፣ ማን እንደሠራው፣ መቼ ወደ ቤት እንደገባ የሚነግረን ሰው ስለጠፋ ነው። ስሙ የማይታወቅ ዕቃ ከቆጥ ላይ በወረደ ቀን ጠበቃ የለውም።

በዚህ ወር የምናጫውትዎ ከእንዲህ ዓይነቱ ዕጣ ስለተረፈ አንድ ዕቃና ስላተረፉት መጻሕፍት ነው። ዕቃው የአየር ጠመንጃ ነው። ነገሩ የሆነው በአሜሪካና በእንግሊዝ ስለሆነ ከእኛ ሰፈር ራቅ ይላል። «ታዲያ ለእኔ ቤት ምን ይፈይዳል?» ካሉ ትንሽ ይታገሡን። ከታሪኩ መካከል አንድ በሞረድ ብረት የተሠራ አስቀያሚ ሞላ አለ፤ እሱን ካወቁ በኋላ የአያትዎን ዕቃ በብርጭቆ ወረቀት ለመፈግፈግ እጅዎ እሺ አይልም።

የልጅ መሣሪያ

የአየር ጠመንጃ ባሩድ የለውም። የሚተኩሰው በታመቀ አየር ነው። በአንደኛው ዓይነት ጠንካራ ሞላ በማቀባበያው ይጨመቃል፤ ቃታው ሲሳብ ሞላው ተፈናጥሮ ፒስተኑን ይገፋል፤ ፒስተኑ አየሩን ያምቃል፤ አየሩም ጥይቷን ይወረውራታል። ሌላው ዓይነት እንደ ብስክሌት ጎማ በፓምፕ የሚነፋ ነው። በጋዝ የሚሠራም አለ። ጥይቷ ብዙውን ጊዜ 4.5 ሚሊ ሜትር የምትሆን የእርሳስ ወይም የብረት ፍሬ ናት። እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ በኦሎምፒክ የሚታየው የ10 ሜትር የጠመንጃ ዒላማ ውድድርም የሚካሄደው በዚሁ ዓይነት መሣሪያ ነው።

አሜሪካውያን ግን የአየር ጠመንጃን ከኦሎምፒክ በፊት የሚያውቁት በልጅነታቸው ነው። ለዚህ ደግሞ ታሪኩ የሚነሣው ጠመንጃ ለመሥራት ጨርሶ ካላሰበ ፋብሪካ ነው። በሚቺጋን ግዛት ፕሊመዝ በምትባል ትንሽ ከተማ በ1882 የተቋቋመ አንድ ድርጅት ነበር። ሥራው ለገበሬዎች ከጉድጓድ ውሃ የሚስብ የነፋስ መዘውር መሥራት ነው። ክላረንስ ሃሚልተን የተባለ የከተማው ሰዓት ሠሪ ሙሉ በሙሉ ከብረት የተሠራ የአየር ጠመንጃ ይዞ መጣ። ሥራ አስኪያጁ ሉዊስ ካስ ሃፍ ተኩሶ ሲሞክረው በዘመኑ የአራዳ ቋንቋ «ዴዚ ነው!» አለ ይባላል፤ «ግሩም ነው» እንደማለት። ጠመንጃው መጀመሪያ ላይ መዘውር ለገዛ ገበሬ የሚሰጥ ምራቂ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ምራቂው ዋናውን በለጠ። በ1895 ድርጅቱ የመዘውር ሥራውን ትቶ ስሙንም «ዴዚ» ብሎ ቀየረ። ለምራቂ ተብሎ የተሠራ ዕቃ የፋብሪካውን ስም ሲወርስ አይተው ያውቃሉ?

በእንግሊዝ ደግሞ ነገሩ የአዋቂዎች ጨዋታ ነበር። በበርሚንግሃም ሊንከን ጀፍሪስ የተባለ መሣሪያ ሠሪ የነደፈውን የአየር ጠመንጃ ቢ.ኤስ.ኤ. የተባለው ትልቅ ፋብሪካ ከ1905 ጀምሮ ያመርተው ገባ። ሠራተኞች ከሥራ ሲወጡ በየመጠጥ ቤቱ እየተሰበሰቡ በቡድን ይወዳደሩበት ነበር። ዒላማው መሐሉ ላይ ጠባብ ቀዳዳ ያለው ብረት ነው፤ ከጀርባው ደወል ተሰቅሏል። ጥይቷ ቀዳዳዋን አልፋ ደወሉን ካስጮኸች ነጥብ ተቆጠረ ማለት ነው። ቢራ፣ ጫጫታና ደወል። ዳኛ ባይኖርም ጆሮ ያለው ሁሉ ይፈርዳል።

ልጁ ያድጋል፤ መጠጥ ቤቱም ይዘጋል። ጠመንጃው ከመኪና ማቆሚያው ጥግ ወይም ከጣሪያ ሥር ይወረወራል። እውነተኛ ጠመንጃ ሰብሳቢዎች «የልጅ መጫወቻ» ብለው ይንቁታል፤ የመጫወቻ ሰብሳቢዎች ደግሞ «ይሄማ መሣሪያ ነው» ብለው ያልፉታል። በሁለት ወንበር መካከል ወድቆ ቀረ።

ስም የማግኘት ችግር

ከሁሉ የባሰው ችግር ግን አንዱን ከሌላው መለየት ነበር። በብዙዎቹ ላይ የተሠሩበት ዓመት አልተጻፈም። ፋብሪካው በርካሽ ብረት ይቀይራል፣ ብሎን ይጨምራል፣ እንጨቱን ያሳጥራል፤ ለማንም አይናገርም። ይባስ ብሎ ያንኑ ጠመንጃ ትልልቅ መደብሮች በየራሳቸው ስም አሳትመው ይሸጡታል። ስለዚህ ሦስት ስም ያለው አንድ ጠመንጃ ታገኛለህ፤ አንድ ስም ያላቸው ስድስት የተለያዩ ጠመንጃዎችም እንዲሁ።

በዚህ ነገር የእኛ አያቶች ይሻሉ ነበር ማለት ይቻላል። በፉከራውና በቀረርቶው የሚጠሩትን መሣሪያዎች ያስታውሱ። ሰናድር ስሙን የወሰደው ከስናይደር ነው፤ ቤልጅግ ደግሞ ከተሠራበት አገር ከቤልጂየም። ስሙ ራሱ የትውልድ ወረቀት ነበር። የአየር ጠመንጃው ግን ይህን የሚያስታውስለት ፎካሪ አላገኘም።

ያገኘው መጽሐፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 ደብሊው ኤች ቢ ስሚዝ የተባሉ የመሣሪያ ጸሐፊ በአየር፣ በጋዝና በሞላ የሚተኩሱ የዓለም መሣሪያዎችን የሚዘረዝር ትልቅ ኢንሳይክሎፒዲያ በአሜሪካ አሳተሙ። በቀጣዩ ዓመት በ1958 የሚልዋኪ ሕዝብ ሙዚየም የኤልደን ዎልፍን ጥናት አወጣ። በእንግሊዝ ደግሞ ዴኒስ ሂለር ለሰብሳቢዎች መመሪያ አዘጋጁ። ከዚያም በ2001 ዛሬ ሰብሳቢዎች «ብሉ ቡክ» ማለትም «ሰማያዊው መጽሐፍ» እያሉ የሚጠሩት የአየር ጠመንጃዎች መዝገብ የመጀመሪያ እትም ወጣ። አዘጋጆቹ ሮበርት ቢማንና ጆን አለን ናቸው።

ቢማንን ትንሽ እናስተዋውቅዎ፤ መጽሐፉን ለመረዳት ሰውየውን ማወቅ ይጠቅማል። በትምህርታቸው የባሕር እንስሳት ሳይንስ ምሁር ናቸው። ያጠኑትም ዛጎል አልባ የሚመስሉ የባሕር ቀንድ አውጣዎችን ነበር። በ1970ዎቹ ከባለቤታቸው ከቶሺኮ ጋር ካሊፎርኒያ ውስጥ ጥራት ያላቸውን የአውሮፓ የአየር ጠመንጃዎች እያስመጡ መሸጥ ጀመሩና የትዳር ንግዱ ከማስተማሩ በለጠ። እንግዲህ ቀንድ አውጣን በቤተሰብ፣ በወገንና በዝርያ ሲለይ የኖረ ሰው ጠመንጃ ሲሰጡት ምን ያደርጋል? ያንኑ ያደርጋል። ይህ ከዚያ በምን ይለያል? የትኛው ቀደመ? ልዩነቱ የዝርያ ነው ወይስ የአንዱ ብቻ? መጽሐፉን ገልጠው ቢያዩት አንድ የእንስሳት ተመራማሪ እንዳለበት ያስታውቃል።

ከመቶ ስንት ቀረለት?

የእነዚህ መጻሕፍት ገጽ ለማያውቅ ሰው አሰልቺ ነው። የፋብሪካው ስም፣ ሞዴሉ፣ የተመረተበት ዘመን፣ ርዝመቱ፣ ምልክቱ፣ ከዚያ ቁጥሮች። ሰብሳቢ ግን እንደ ልቦለድ ያነበዋል። አንዲት መስመር ላይ «የማቀባበያው ብረት ከተቀየረ በኋላ» የሚል ካገኘ ተነሥቶ የራሱን ጠመንጃ ሊያይ ይሄዳል።

ቁጥሮቹ የሚለኩት የሁኔታውን ደረጃ ነው። ጠመንጃው ከፋብሪካ ሲወጣ ከነበረው ቀለምና ልባስ ምን ያህሉ ዛሬም አለ? ሁሉም ካለ 100 በመቶ ነው፤ ከዚያ ወደ 90፣ ወደ 60፣ ወደ 20 ይወርዳል። ዋጋውም አብሮ ይወርዳል፤ ያውም ሲወርድ ደረጃ በደረጃ ሳይሆን ገደል ነው። ሰብሳቢው የሚፈልገው ንጹሕ ዕቃ አይደለም፤ ያልተነካ ዕቃ ነው። ዝገቱን ያጠፋለት፣ እንጨቱን ፈግፍጎ ቫርኒሽ የቀባው ሰው ለዕቃው ውለታ የዋለ ይመስለዋል። መጽሐፉ ግን አዲስ የተቀባ ቀለምን ከፋብሪካው ቀለም ጋር አይቆጥርለትም።

እዚህ ላይ የእኛን ልማድ ያስቡት። በዓል በመጣ ቁጥር ቀለም መቀባት፣ ማወዛወዝ፣ ማደስ እንወዳለን። ቤት ሲሆን ደግ ነው።

ኮምፓሱ የማን ነበር?

መጽሐፉ ለምን ክርክር እንደሚፈታ ለማየት አንድ የታወቀ ምሳሌ እንውሰድ። በ1940 ዴዚ «ሬድ ራይደር» የተባለ ጠመንጃ ለገበያ አቀረበ። ስሙ ፍሬድ ሃርማን ይሥለው ከነበረ የጋዜጣ ሥዕላዊ ታሪክ ካውቦይ የተወሰደ ነው። በአሜሪካ ከዚህ የበለጠ ዝነኛ የአየር ጠመንጃ የለም። በ1983 ደግሞ «ኤ ክሪስማስ ስቶሪ» በተባለው ፊልም ራልፊ የሚባል ልጅ ለገና ይህን ጠመንጃ ለማግኘት ምድርና ሰማይን ሲያናውጥ ይታያል። እናቱም መምህርቱም የሚሰጡት መልስ አንድ ነው፤ ዓይንህን ታወጣበታለህ። ፊልሙ በየዓመቱ ለገና በቴሌቪዥን ስለሚታይ በአሜሪካ የሚኖሩ ዘመዶችዎ ሳያውቁት አይቀሩም፤ ልጆቻቸው እዚያ ከተወለዱ ደግሞ ከነንግግሩ ይነግሩዎታል።

በፊልሙ የራልፊ ጠመንጃ ሰደፉ ላይ ኮምፓስና የፀሐይ ሰዓት አለው። ፊልሙን ያየ ሁሉ ቤቱ ሄዶ የአባቱን ሬድ ራይደር አውጥቶ ኮምፓሱን ፈለገ። የለም። ተሰርቆ ይሆን? ወድቆ ይሆን? መዝገቡን ያገላበጠ ሰብሳቢ መልሱን ያውቃል። በዘመኑ የነበረ አንድም ሬድ ራይደር ኮምፓስ አልነበረውም። ኮምፓስና የፀሐይ ሰዓት የነበረው በ1934 የወጣው ሌላ የዴዚ ጠመንጃ ነው፤ እሱም በካውቦይ ፊልም ተዋናይ በባክ ጆንስ ስም የተሰየመው። ታሪኩን የጻፈው ጂን ሼፐርድ ሁለቱን የልጅነት ጠመንጃዎች አንድ አድርጎ አስታወሳቸው ማለት ነው፤ ዴዚም ለፊልሙ ሲባል ሁለቱን ያዋሐደ ጠመንጃ ለብቻው ሠራ። የልጅነት ትዝታ እንዲህ ነው፤ ከሁለት ቤት የነበረውን አንድ ቤት ያስገባል። እኔ በግሌ ሼፐርድን አልፈርድበትም። ነገር ግን በ1940 ከተሠራ ሬድ ራይደር ላይ «ጎድሏል» ብሎ ኮምፓስ ቆፍሮ የሚያስገባ ሰው ቢኖር ያ ጠመንጃ ከእንግዲህ የ1940 ጠመንጃ አይደለም።

የሬድ ራይደርን ዕድሜ ለማወቅም መዝገቡ የሚጠቁመው ጥቃቅን ነገር ነው። የመጀመሪያዎቹ ከአፈሙዙ ላይ የመዳብ ቀለም ያላቸው ቀለበቶች አሏቸው፤ ማቀባበያቸውም ከባድ ብረት ነው። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ብረቱ ለጦርነቱ ስለተፈለገ ምርቱ ቆመ። ከጦርነቱ በኋላ የተሠሩት ማቀባበያቸው ወደ አሉሚኒየም ተቀየረ፤ ከዚያም በኋላ እንጨቱ በፕላስቲክ የተተካበት ጊዜ መጣ። ስለዚህ ማግኔት ይዞ ወደ አሮጌ ዕቃ ገበያ የሚሄድ ሰው ካዩ አይገረሙ። ማግኔቱ ከማቀባበያው ጋር ከተጣበቀ የሰውየው ፊት ይበራል።

የሞረዱ ሞላ

አሁን ወደ ቃል ወደገባንልዎ ሞላ እንምጣ። ለዚህ ወደ 200 ዓመት ገደማ ወደኋላ እንሂድ።

የአየር ጠመንጃ ሁልጊዜ የልጅ ዕቃ አልነበረም። በ1780 አካባቢ የኦስትሪያ ጦር ባርቶሎሜዎስ ጂራርዶኒ የተባለ የቲሮል ሰው የፈለሰፈውን የአየር ጠመንጃ አስታጥቆ ነበር። ሰደፉ ራሱ የአየር ማከማቻ ጠርሙስ ነው፤ በእጅ ፓምፕ ለመሙላት 1,500 ጊዜ ያህል መንፋት ይፈልጋል። አንዴ ከተሞላ ግን ከ20 በላይ ጥይት በተከታታይ ይተኩሳል፤ ያውም ሌላው ወታደር በአፈሙዝ ባሩድ እየጠቀጠቀ አንዷን ለመተኮስ በሚታገልበት ዘመን። ጭስ የለውም፤ ዝናብ አያግደውም። ዳሩ ግን የአየር ማከማቻውና የቆዳ መዝጊያዎቹ እንክብካቤ ስለሚሹ በጦር ሜዳ ብዙ አልቆየም።

ከዚያ ከ20 ዓመት በላይ ቆይቶ በ1803 ሜሪዌዘር ሉዊስ የተባለው አሜሪካዊ መኮንን ከዊልያም ክላርክ ጋር አህጉሩን አቋርጦ እስከ ሰላማዊ ውቅያኖስ ለመድረስ ጉዞ ጀመረ። ከጓዙ መካከል አንድ የአየር ጠመንጃ ነበረ። በነሐሴ መጨረሻ ከፒትስበርግ በተነሣበት በመጀመሪያው ቀን ወንዝ ዳር ለተሰበሰቡ ሰዎች ተኩሶ አሳየ። ቀጥሎ አንድ እንግዳ ሲነካካው ሳያስበው ባረቀበት። ጥይቷ 40 ያርድ ያህል ርቃ የቆመች ሴት ባርኔጣ በስታ ጆሮ ግንዷን ጫረቻት። ሴትዮዋ ወደቀች፤ ደሟ ፈሰሰ፤ ሞተች ተብሎ ተደነገጠ። ደግነቱ ወዲያው ነቃች። ሉዊስ ይህን በማስታወሻው አስፍሮታል። በጉዞው ሁሉ በየደረሱበት ለአገሬው ሕዝብ መሪዎች ይህንኑ ጠመንጃ እያሳየ ማስደነቁም ተጽፏል።

ያ ጠመንጃ ምን ዓይነት ነበር? የትስ ገባ? ለረጅም ጊዜ የታመነው የፊላደልፊያው ሰዓትና ጠመንጃ ሠሪ የአይዛያ ሉከንስ ሥራ ነው ተብሎ ነበር። ምክንያቱም ሉከንስ ከሞተ በኋላ በ1847 በተዘጋጀው የንብረቱ ጨረታ ዝርዝር ውስጥ ሉዊስና ክላርክ የተጠቀሙበት የተባለ የአየር ጠመንጃ ነበረበት። የሉከንስ ጠመንጃዎች ግን አንዴ ተተኩሰው እንደገና የሚጎርሱ ናቸው። በኋላ የቶማስ ሮድኒ ማስታወሻ ትኩረት አገኘ። ሮድኒ በመስከረም 1803 ሉዊስን መንገድ ላይ አግኝቶ ጠመንጃውን አይቶታል፤ በአንድ ሙሌት 22 ጊዜ እንደሚተኩስም ጽፏል። ይህ የሉከንስ ሊሆን አይችልም። የጂራርዶኒ ዓይነት ነው።

ከቢማን ስብስብ ውስጥ አንድ የጂራርዶኒ ጠመንጃ ነበረ። አንድ ባለሙያ ተመሳሳዩን ለመሥራት ክፍል በክፍል ሲፈታው ከውስጡ ከፋብሪካ ያልወጣ ነገር አገኘ። ዋናው ሞላ ተቀይሯል። የተተካውም ከሞረድ ብረት በእጅ ተቀጥቅጦ በተሠራ ሞላ ነው። ሸካራ፣ የመንገድ ላይ ሥራ። በሌላ ጊዜ ቢሆን «ይሄን ማን አበላሸው?» ተብሎ በአዲስ ሊቀየር ይችል ነበር። ነገር ግን የሉዊስን ማስታወሻ የሚያውቅ ሰው ልቡ ይመታል፤ በሰኔ 10 ቀን 1805 የጉዞው ብረት ሠሪ ጆን ሺልድስ የአየር ጠመንጃውን ዋና ሞላ እንዳደሰለት ሉዊስ ጽፏል፤ ሰውየውንም ስለ ብልሃቱ አመስግኖታል። በዚያ ምድረ በዳ ሺልድስ ከሞረድ ሌላ ምን ብረት ሊኖረው?

ቢማን ይህንና ሌሎች ምልክቶችን ደርድረው ጠመንጃው ያው ራሱ የሉዊስና ክላርክ ሳይሆን አይቀርም አሉ። እርግጥ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ የሚያሳይ የማያቋርጥ ወረቀት የለም፤ ስለዚህ ሙግቱ አሳማኝ እንጂ የተዘጋ ፋይል አይደለም። ጠመንጃው ግን በፔንሲልቬንያ ካርላይል ላለው የአሜሪካ ጦር ሠራዊት ተቋም በስጦታ ተሰጥቷል። ያለ ዋጋ።

እስቲ ነገሩን ይገልብጡት። ከባለቤቶቹ አንዱ ደህና ባለሙያ ዘንድ ወስዶ ያንን አስቀያሚ ሞላ አስጥሎ አዲስ ቢያስገባ ኖሮ ጠመንጃው ይበልጥ ያምር፣ ይበልጥ ይሠራ ነበር። ምስክርነቱ ግን ከቆሻሻ ጋር ይጣል ነበር።

የዋጋው ዓምድ

ይህን ሁሉ ካልን በኋላ የመጽሐፉን ክፉ ጎን አለማንሣት ማድላት ይሆናል። ዋጋ የተጻፈበት መጽሐፍ ሰውን ይለውጣል። ትናንት ጥግ ላይ የተጣለውን ጠመንጃ ዛሬ ከገጹ ጋር አስተያይቶ ሚሊየነር የሆነ የሚመስለው አለ። ሻጩ የ40 በመቶ ዕቃ ይዞ የ100 በመቶውን መስመር በጣቱ ያሳያል፤ ገዢው የ20 በመቶውን ያሳየዋል። በመጽሐፉ ላይ ያለው ቁጥር ግምት ነው፤ ዕቃው የሚያወጣው ያን ቀን ፊት ለፊትዎ የቆመው ሰው የሚከፍለውን ነው። ዋጋው ሲወጣ ደግሞ አስመሳዩ ይከተላል። አዲስ የታተመ አሮጌ ካርቶን፣ ከሦስት ጠመንጃ ተገጣጥሞ «ኦሪጅናል» የተባለ አንድ ጠመንጃ። አሮጌ ዕቃ ከገዙ ይህን ጠባይ ከመርካቶም ያውቁታል።

በጎው ጎን ግን ይበልጣል ባይ ነኝ። እንዲህ ያለ መዝገብ በአንድ ሰው አያልቅም። መጽሐፉን የገዛ ሰብሳቢ ስሕተት ሲያገኝ ለአዘጋጁ ይጽፋል፤ ፎቶ ይልካል፤ «የእኔው ላይ ይህ ብሎን የለም» ይላል። ቀጣዩ እትም ይታረማል። በዚህ መንገድ አንዱ በአባቱ ጋራዥ ያገኘው ዕቃ ሁሉም የሚያውቀው ዕውቀት ይሆናል። ፍቅሩም ከዚህ ነው የሚመጣው። ሰው በገዛ ጠመንጃው መጽሐፉን ሲያርም ደራሲ የሆነ ያህል ነው የሚሰማው።

ቤትዎ ልጆች ካሉ

ለወላጆች አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። የራልፊ እናት ትክክል ናት። የአየር ጠመንጃ ጥይት ዓይን ያጠፋል፤ በቅርብ ርቀትም ከዚህ የባሰ ጉዳት ሊያደርስ ይችላል። «አሮጌ ነው፣ አይሠራም» ማለትም ዋስትና አይሆንም፤ የፒትስበርጓን ሴት ያስታውሱ፤ የመታት ጥይት ማንም ሳያስበው የባረቀ ነው። አሮጌም ሆነ አዲስ ባዶነቱ ይረጋገጥ፤ ልጅ በማይደርስበት ቦታ ተቆልፎ ይቀመጥ። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ «ለልጁ ስጦታ» ብሎ በሻንጣ እንዳያመጣም አስቀድመው ይንገሩት፤ ሕጉን ሳይጠይቁ የሚሞከር ነገር አይደለም።

ወደ እርስዎ ሳጥን

ጠመንጃ የለዎትም። መልካም። ነገር ግን የእናትዎ ሲንገር የስፌት መኪና ሳይኖር አይቀርም። ከመኪናው አካል ላይ የታተመውን ቁጥር ይፈልጉ፤ የሲንገር ቁጥሮች ከፋብሪካው መዝገብ ጋር ተያይተው የተሠራበትን ዘመን ይናገራሉ። ወይም አባትዎ በመሥሪያ ቤት የተጠቀሙበት የአማርኛ ፊደል ያለው ኦሊቬቲ የጽሕፈት መኪና አለ። ለእነዚህም መዝገብ አላቸው፤ የሚያጠኗቸውም ሰብሳቢዎች አሉ። ቁራሌው ከመምጣቱ በፊት ቁጥሩን ጻፉ።

ከዚያ ለማጽዳት አይቸኩሉ። አቧራውን በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ማንሣት ይበቃል። ብርጭቆ ወረቀት፣ ቫርኒሽና የሚረጭ ቀለም ይራቁት። አንድ ቦታ በሽቦ የተጠገነ፣ እግሩ በሌላ እንጨት የተተካ፣ ስም በምስማር የተጫረበት ከሆነ አይፍቱት፤ ፎቶ ያንሡት። ያ ሽቦ የአጎትዎ እጅ ሥራ ይሆናል። ካርቶኑ፣ መመሪያው፣ የተገዛበት ደረሰኝ ካለ ከዕቃው ጋር አብሮ ይቀመጥ፤ ለሰብሳቢ ባዶ ካርቶን ራሱ የሚፈለግ ነገር ነው። እማማ ደግሞ በሕይወት ካሉ ዛሬውኑ ይጠየቁ፤ ከማን ገዙት? ስንት ነበር? መጀመሪያ የተሰፋበትስ የማን ልብስ ነበር? የነገሩዎትን በወረቀት ጽፈው ቀኑን አስፍረው ከመሳቢያው ውስጥ ይክተቱት። የፋብሪካው መዝገብ የማያውቀው ይህንን ነው።

የስሚዝስ መጽሐፍ ምን ደረሰ? በ1957 የታተመው ያ የመጀመሪያ መዝገብ ዛሬ እሱ ራሱ የሚሰበሰብ ዕቃ ሆኗል። የአየር ጠመንጃ ሰብሳቢዎች እየፈለጉ ይገዙታል። ሲገዙትም መጀመሪያ የሚጠይቁት ያው የለመዱትን ነው፤ የወረቀት ልባሱ አብሮት አለ? ከዳር የተቀደደውን ማንም በፕላስተር አልጠገነውም?